ማጨስን ማቆምና ወደ ማጨስ አለመመለስ

ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ትምህርት

ማጨስን ማቆምና ወደ ማጨስ አለመመለስ አንድ ሥራ መስለው ይታያሉ፤ በእውነቱ ግን ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ውሳኔ ይጀመራል፤ ሁለተኛው ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታትን ይጠይቃል። ብዙዎች የሚሰናከሉትም በዚህ በሁለተኛው ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት በተለይ የምንመለከተው፣ ያቆመ ሰው የማጨስ ፍላጎት ሲመለስበት ምን ማድረግ እንዳለበትና እኛም በአጠገቡ ያለን እንዴት ልንረዳው እንደምንችል ነው።

1. ትምባሆ በሀገራችን

ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ ተክል ነው። ወደ ሀገራችን ከገባም በኋላ አበው በጥርጣሬ ተመልክተውታል፤ በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው እየተባለም ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1889 የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ማጨስን በከባድ ቅጣት ከልክለው ነበር። ቅጣቱ ግን ትምባሆን ከሀገር አላጠፋም።

በዘመናችንም መንግሥት የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2014 አጽድቋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን፣ ትምባሆን ማስተዋወቅን፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ቅድስት መንበርም በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ውሳኔ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቫቲካን ሲጋራ እንዳይሸጥ አድርጋለች፤ ገንዘብ የሚያስገኝ ቢሆንም የሰውን ጤና የሚጎዳ ንግድ ሊደገፍ አይገባም በማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሀገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ናቸው፤ ከወንዶች ከመቶ 8 ያህል፣ ከሴቶች ከመቶ 2 ያህል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከብዙ አገሮች ያነሰ በመሆኑ ደስ ሊለን ይገባል። ሆኖም ሌላ ገጽታ አለው። አጫሾች ጥቂቶች በሆኑበትና ማጨስ እንደ ነውር በሚቆጠርበት አገር አጫሹ ይደበቃል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ይበልጥ ትደበቃለች። የተደበቀ ሰው ደግሞ እርዳታ አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ያለ እርዳታ ከሚደረጉ 100 የማቆም ሙከራዎች የሚሳኩት 4 ያህሉ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ነውሩ ራሱ ሱሱን የሚጠብቅ ዘበኛ ይሆናል ማለት ነው።

2. በደጋ የሚኖር አጫሽ

የሲጋራ ጢስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይዟል። ይህ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የሚተኙትን ሰዎች የሚገድለው ጋዝ ነው። በደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የሳነቲ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ይደርሳል። በሳነቲ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሦስት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ስስ አየር ላይ ጢስ የሚጨምር ሰው በሁለት በኩል ይጎዳል። ጋያም ሆነ ሺሻ ከዚህ አያድንም፤ ውኃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ጋዙን አያስቀርም።

መልካሙ ዜና ግን ሰውነት ለመዳን የሚፈጥን መሆኑ ነው። ካቆሙ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት መውረድ ይጀምራል። በ12 ሰዓት ውስጥ በደም ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ደንበኛው መጠን ይመለሳል። ከአንድ ዓመት በኋላ በልብ ሕመም የመያዝ ተጨማሪ አደጋ በግማሽ ይቀንሳል።

3. ሐራራ፦ የሰውነት ጥያቄ

በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ከተሳበ በኋላ በጥቂት ሰከንዶች አንጎል ይደርሳል፤ አንጎልም ይለምደዋል። ሲቀርበት ይጠይቃል፤ ሕዝባችን ይህን ሐራራ ይለዋል። ምልክቶቹ ቁጣ፣ መቁነጥነጥ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻልና የምግብ ፍላጎት መጨመር ናቸው። ሐራራ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይበረታል፤ ከዚያም እየቀነሰ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ በአብዛኛው ይበርዳል።

በዚህ ወቅት ሁለት ነገሮች ሰውን ያሳስታሉ። አንደኛው ሳል ነው። ሳንባ መጽዳት ሲጀምር ሳሉ ለጥቂት ሳምንታት ሊብስ ይችላል፤ «ካቆምሁ ወዲህ ታመምሁ» ብሎ የሚመለስ ሰው የመዳንን ምልክት በሕመም ተርጉሞታል። ሳሉ ከቆየ ወይም ደም ከቀላቀለ ግን ሳይዘገዩ መመርመር ይገባል። ሁለተኛው ቡና ነው። የትምባሆ ጢስ ሰውነት የቡናን ኃይል ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል፤ ማጨስ ሲቆም ግን ያው ሲኒ ቡና በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ያቆመ ሰው እንደ ቀድሞው አቦልና ቶናን ጠጥቶ በረካውን ከደገመ ልቡ ይመታል፤ እንቅልፍም ያጣል፤ ይህንም ሐራራ ነው ብሎ ይደነግጣል። ለጥቂት ሳምንታት በአቦል መወሰን ይበጃል።

ሐራራ የሚበረታበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄዶ ሐኪም ቢያማክር የሚያፍርበት ነገር የለም። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚታኘክ ኒኮቲን እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። መድኃኒት መውሰድ የእምነትም ሆነ የወኔ ማነስ አይደለም።

4. አምሮት፦ የትዝታ ጥሪ

ሐራራ ከበረደ በኋላ ሌላ ነገር ይቀራል፤ እርሱም አምሮት ነው። ሐራራ ከሰውነት ይመጣል፤ አምሮት ግን ከትዝታ። ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ፣ ሰውየው ፈጽሞ የተላቀቀ ሲመስለው፣ በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ፣ በጫት ወይም በመጠጥ ዙሪያ፣ ከሮቤ ወደ አዲስ አበባ በሚደረገው ረጅም ጉዞ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም፣ ወይም በጎባ ቀዝቃዛ ምሽት በድንገት ይመጣል። ሲጋራ በፍሬ የሚሰጥና የሚለመን መሆኑም መንገዱን ያቀልለታል።

አካባቢያችን ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሰጠናል። ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያውቀዋል። የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋዩ ተራራ ሥር ይገባል፤ በጨለማም ውስጥ ያልፋል፤ በሌላ በኩል ግን ወደ ብርሃን ይወጣል። ዋሻው በጠቅላላው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ መግቢያዎቹም ብዙ ናቸው። ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንማራለን።

አንደኛ፣ አምሮትም መግቢያና መውጫ አለው። አንድ የአምሮት ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም፤ ቢያጨሱም ባያጨሱም ያልፋል። ስለዚህ ለሰውየው የሚቀርበው ጥያቄ «ዕድሜ ልክህን ትችላለህን?» የሚል አይደለም፤ «አሥር ደቂቃ መቆየት ትችላለህን?» የሚል ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ከቦታው ይነሣ፤ ውኃ ይጠጣ፤ ጥቂት ይራመድ፤ የሚያምነውን ሰው ያነጋግር፤ አጭር ጸሎት ያድርስ።

ሁለተኛ፣ መግቢያዎቹ ብዙ በመሆናቸው እያንዳንዱ የራሱን መግቢያ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። በወረቀት ላይ ጽፎ ለእያንዳንዱ አስቀድሞ መልስ ያዘጋጅ። ለምሳሌ ያህል፣ ሲጋራ ሲቀርብለት የሚናገረውን ቃል ከቤቱ ይዞ ይውጣ፤ «አላጨስም» ማለት «እያቆምሁ ነው» ከማለት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ክርክር አይጋብዝምና። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከጫትና ከመጠጥ ቢርቅ ይጠቅመዋል። ላይተሩንና መተርኰሻውንም ከቤት ያውጣ።

5. ባዶ ቤት

በባሌ የምንኖር ካቶሊካውያን ጥቂቶች ስንሆን ከሙስሊምና ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጋር ተሳስበን እንኖራለን። ሙስሊም ወንድሞቻችን በረመዳን ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ጢስ ወደ አፋቸው እንደማያስገቡ እናያለን፤ ከእኛም ወገን በዐቢይ ጾም ሲጋራ የሚተዉ አሉ። ይህ ሰው መቻሉን ያረጋግጣል። ታዲያ ከበዓል በኋላ ብዙዎች ለምን ይመለሳሉ? የጾም ማቆም የተወሰነ ቀን ስላለው ነው፤ ሰውየው ሲጋራውን አልተወውም፤ ቀጠሮ ሰጥቶታል እንጂ። ጾምን የማቆሚያ መጀመሪያ ማድረግ እጅግ መልካም ነው፤ ነገር ግን የትንሣኤ ማግስት አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ስለ ተጠረገ ባዶ ቤት ይነግረናል፤ የወጣው ተመልሶ ሲመጣ ባዶ ስላገኘው ከሌሎች ጋር ሆኖ ይገባበታል። አጫሽን ክፉ መንፈስ ያለበት ነው ማለታችን አይደለም። ትምህርቱ ግን ይሠራልናል፤ ሲጋራው የያዘው ሰዓት ነበረ፤ እጅ የሚያዝበት፣ ከወዳጅ ጋር የሚቆምበት፣ ኀዘን የሚረሳበት ሰዓት። ያ ሰዓት ባዶ ከቀረ አምሮት ይሞላዋል። ስለዚህ በቦታው ሥራ፣ ወዳጅነት፣ ንባብ፣ የቁምስና አገልግሎት ይግባበት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2290 ራስን የመግዛትን ምግባር ሲያስተምር ምግብን፣ መጠጥን፣ ትምባሆንና መድኃኒትን ያለ ልክ መጠቀምን በአንድነት ያነሣል። ራስን መግዛት አንድን ነገር መከልከል ብቻ ሳይሆን ሕይወትን በሥርዓት መምራት ነው።

6. የተሰናከለን ማንሣት

አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሰው «ከእንግዲህ ተበላሽቷል» ብሎ ፓኮውን ይጨርሳል። ጉዳቱን የሚያከብደው ከአንዱ ሲጋራ ይልቅ ይህ ተስፋ መቁረጥ ነው። የተሰናከለ መንገደኛ ከወደቀበት ይነሣል እንጂ ጉዞውን ከጀመረበት ቦታ አይመለስም። በየትኛው መግቢያ እንደ ገባበት ይጠይቅ፤ ያንን ይዝጋ፤ በዚያው ቀን ይቀጥል። ብዙዎች በመጨረሻ ያቆሙት ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲቀርባችሁ አትገሥጹት፤ በጉባኤ ፊትም ስሙን አታንሡ። ማቆሚያ ቀን እንዲወስን እርዱት፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በየዕለቱ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ጠይቁት። ከአንድ ወር በኋላ መጠየቃችሁን አታቋርጡ፤ ሐራራው የሚያበቃው፣ አምሮት ግን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነውና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሐራራና በአምሮት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ለእያንዳንዱ የሚሰጠው መልስስ?
2. በአካባቢያችን ያቆመን ሰው ወደ ማጨስ የሚመልሱ መግቢያዎች የትኞቹ ናቸው?
3. በቁምስናችን አጫሽ የሆነ ሰው ሳያፍር እርዳታ እንዲጠይቅ ምን ልናደርግ እንችላለን?
4. በጾም ያቆመ ሰው ከበዓል በኋላ እንዲጸና ማን፣ በምን መንገድ ሊደግፈው ይችላል?