የአንድ ማሳ ሻርዶኔ አጠማመቅ

በፈረንሳይ የቡርጎኝ አውራጃ፣ ሜርሶ በምትባል መንደር፣ ፔሪየርና ሻርም የተባሉ የወይን ማሳዎች ድንበርተኞች ናቸው። ላይኛው ፔሪየር ድንጋያማ ነው፤ የታችኛው የሻርም አፈር ጠለቅ ይላል። የሁለቱም ወይን ሻርዶኔ የተባለው ነጭ ዝርያ ሆኖ ሳለ የፔሪየሩ ቆፍጠን ያለ፣ የሻርሙ ሞላና ለስለስ ያለ ጠጅ ይወጣዋል። በየስማቸው ለየብቻ የሚታሸጉትም ለዚህ ነው። የጠማቂው ሥራ ይህን ልዩነት አለማጥፋት ነው።

መጀመሪያ ለቀማው። አንድ ማሳም ቢሆን ሁሉም ጥጉ እኩል አይበስልም፤ ከየረድፉ ፍሬ እየቀነጠሱ ይቅመሱ። ስኳሩ ከ22 እስከ 23 ብሪክስ ሲደርስ፣ ኮምጣጣነቱ ሳይጠፋ፣ በማለዳ በእጅ ይልቀሙ። ከጎረቤት ማሳ አንድ ቅርጫት እንኳ አይቀላቅሉ።

ፍሬውን ሳይፈለፍሉ ዘለላውን እንዳለ በቀስታ ይጭመቁ። ጭማቂው በቀዝቃዛ ጋን አድሮ ይጥለል፤ እርሾው የሚመገበው ስለሚያስፈልገው ግን ጥቂት ጉሽነት ይቅርበት።

ከዚያ 228 ሊትር ወደሚይዘው የቡርጎኝ የኦክ በርሜል ይገለበጣል። ሲፈላ አረፋ ስለሚያወጣ እስከ አፉ አይሙሉት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በርሜሉ ሁሉ አዲስ ከሆነ የቫኒላና የተጠበሰ እንጨት ጣዕም ማሳውን ይውጠዋል። እኔ ብሆን ከአራቱ አንዱ አዲስ ቢሆን ይበቃኛል፤ ለስስ ወይን እሱም ይበዛል።

ስኳሩ አልቆ ፍላቱ ሲበርድ በርሜሉን ይሙሉ፤ በየጊዜውም የጎደለውን ይተኩ፤ አየር የነጭ ወይን ጠላት ነው። ጠጁ በአምቡላው ላይ እንዳለ ይክረም። ጓዳው ሲሞቅ ባክቴሪያዎች ስለታሙን ማሊክ አሲድ ወደ ለዘብተኛው ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ይህ ለውጥ ሳያልቅ ባክቴሪያዎቹን የሚገታውን ሰልፋይት አይጨምሩ። በመካከሉ አምቡላውን በዘንግ ማማሰል ጠጁን ያወፍረዋል፤ በየሳምንቱ ማማሰል ግን፣ በተለይ በሞቃት ዓመት፣ ድንጋዩን በቅቤ እንደ መለሰን ነው። እየቀመሱ ይወስኑ።

ከ11 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የጠራውን ከአምቡላው ለይተው፣ በርሜሎቹን በአንድ ጋን አዋሕደው ያሽጉ። የእንጨት ሽታ የተጫነው በርሜል ካለ ከድብልቁ ያስቀሩት። ሲቀርብ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሁን፤ ከፍሪጅ በቀጥታ ከወጣ ሽታው ይታፈናል።