ባቡር ያልደረሰባት ሶዶና የኦሞ ድልድይ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ ወደተመሠረተችው ወላይታ ሶዶ በመኪና እንጂ በባቡር የገባ መንገደኛ የለም። «ባቡር ለምን አልመጣልንም?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪዎቻችን ዘንድ በተደጋጋሚ ይነሣል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከገንዘብና ከመንግሥት ዕቅድ ጋር ብቻ ተያይዞ ይሰጣል። ይህ ስሕተት ባይሆንም፣ የመሬቱ አቀማመጥና የሰበቃ ሕግም በጉዳዩ ላይ የሚናገሩት አላቸው። በዚህ ጽሑፍ በተለይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ እንመለከታለን።

አስቀድመን የምናውቀውን ባቡር እናስታውስ። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ሥራውን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡሩ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ የሚወጣው 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው። ሲካፈል፣ በ1,000 ሜትር ጉዞ 3 ሜትር ያህል መውጣት ማለት ነው። መንገዱ በየቦታው የሚወርድና የሚወጣ ስለሆነ ይህ አማካይ ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ባቡር ዳገት የሚፈራው ለምንድን ነው? የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚገጥመው ተቃውሞ እጅግ አነስተኛ ነው። 1,000 ቶን የሚመዝን ባቡር በሜዳ ላይ ወደ ኋላ የሚይዘው ጉልበት ከ2 እስከ 3 ቶን ክብደት ቢሆን ነው። ይኸው ባቡር በ1,000 ሜትር 18.5 ሜትር የሚወጣ ዳገት ሲጀምር ግን የራሱ ክብደት ብቻ በ18.5 ቶን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ያን ሁሉ የሚቋቋመው ከፊት ያለው የሳቢው ሞተር መንኰራኵር ነው፤ ፉርጎዎቹ አይረዱትም። ሐዲዱ በዝናብ ከራሰ ደግሞ ሰበቃው ይቀንስና መንኰራኵሩ በቦታው ይሽከረከራል። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም ከፍተኛው ዳገት በዚሁ 18.5 አካባቢ የተወሰነው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሶዶ እንመለስ። ከተማዋ በግምት በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በጊቤ 3 ግድብ ግርጌ የሚፈሰው ኦሞ ግን በ700 ሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ 1,300 ሜትር ሲሆን፣ በቀጥታ አየር ላይ ቢለካ ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ18.5 ዳገት ለመውጣት ቢያንስ 70 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። እንግዲህ ሐዲዱ ሳያቋርጥ እየወጣ በተራራው ወገብ መጠምዘዝ አለበት ማለት ነው። ድልድዩን ከወንዙ 300 ሜትር ከፍ አድርገን ብንሠራው 54 ኪሎ ሜትር ይበቃናል፤ ምሶሶዎቹን የሚከፍልልን ካገኘን! በ1,000 ሜትር 70 ሜትር የምትወጣ መኪና ግን ያንኑ የ1,300 ሜትር ዳገት ከ19 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ትጨርሰዋለች።

መጠምዘዝም የራሱ አደጋ አለው። ባቡርን በኩርባ ላይ ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር በኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በመግባቱ ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ወደቁ። ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ቀመሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ይህን ቀን ብናነሣ ተማሪው የሚረሳው አይመስለንም።

ወላይታንና ዳውሮን የሚያገናኘው እንግዲህ የመኪና መንገድና ድልድይ ነው። ቋንቋቸው ተቀራራቢ የሆነ ሁለት ሕዝቦች በሸለቆው ወዲያና ወዲህ ይኖራሉ። ከሶዶ ወደ ጭዳ የሚወስደው መንገድ ኦሞን የሚሻገርበት የቀድሞው ድልድይ ጊቤ 3 በሚያቁረው ውኃ ሥር የሚዋጥ ስለነበረ፣ መንገዱ ተለውጦ ከግድቡ በታች አዲስ ድልድይ ተሠራ። ግድቡ 243 ሜትር ቁመት አለው፤ ሐይቁም ወደ 150 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይዘልቃል። በዚያ ሁሉ ርዝመት ከመሻገር ይልቅ ከግድቡ በታች ወዳለው ጠባብ ወንዝ መውረድ ይቀላል፤ ዋጋው ግን ቁልቁለቱና መልሶ የሚጠብቀው ዳገት ነው። ወደ ሶዶ ገበያ የሚጫን የዳውሮ እህል ሁሉ ይህን ዳገት በነዳጅ ይከፍላል።

በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የታሰበው የደቡብ ባቡር ከሞጆ በሻሸመኔ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ፣ የስምጥ ሸለቆውን የሚከተል ነበር፤ እስካሁን አልተሠራም። ኦሞን የመሻገር ሐሳብ አልነበረውም፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ያለው ስሌት ያመለክታል።

ለአንባቢ አንድ መልመጃ እንተው፦ ከባድ ጭነት እንዲጎትት ታስቦ ዳገቱ በ1,000 ሜትር 10 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ሐዲዱ ከ70 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የኦሞ ድልድይ ከወንዙ ስንት ሜትር ከፍ ማለት አለበት?