ኤሊን ወደ መጣችበት መመለስ

ሞያሌ ባሕር የላትም። ሆኖም በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ኤሊ ስንማር ትምህርታችን የጀመረው ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር፣ በኪሊፊ ካውንቲ ከምትገኘው ዋታሙ ነው። በኬንያ የተጎዱ የባሕር ኤሊዎችን አክሞ ወደ ውሃቸው የመመለስ ሥራ ስር የሰደደው እዚያ ነውና።

ሥራው በ1997 እ.ኤ.አ. የኤሊ እንቁላል የተቀበረበትን የባሕር ዳር አሸዋ በመጠበቅ ተጀመረ። ዛሬ ሎካል ኦሽን ኮንሰርቬሽን የሚባለው ድርጅት የኤሊ ሕክምና ማእከል አለው። ዓሣ አጥማጅ መረቡ ውስጥ ኤሊ ሲያገኝ ሥጋዋን ከመሸጥ ይልቅ ስልክ ይደውላል። ሠራተኞቹ መጥተው ይለኳታል፣ ጤንነቷን ያያሉ፣ ቁጥር ያለው ምልክት ያደርጉላታል። ጤነኛ ከሆነች ወዲያው ትለቀቃለች፤ ከታመመች ማእከሉ ትገባለች። አጥማጁም ለድካሙ ጥቂት ገንዘብ ያገኛል። በስዋሂሊ የመሬት ኤሊ ኮቤ፣ የባሕር ኤሊ ደግሞ ካሳ ትባላለች። ስለዚህ ዋታሙ ላይ ካሳ ያመጣ ሰው ካሳ ይከፈለዋል ማለት ነው! ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ከሕመሞቹ ሁሉ ያስገረመን መንሳፈፍ ነው። ፕላስቲክ የዋጠች ኤሊ አንጀቷ ይዘጋል፤ ሆዷ ውስጥ ጋዝ ይጠራቀምና እንደ ጀሪካን ውሃው ላይ ትቀራለች። መጥለቅ ካልቻለች ከታች ያለውን ምግቧን አታገኝም፣ ከጀልባም አታመልጥም። ሕክምናው ፈሳሽ፣ ምግብና ብዙ ትዕግሥት ነው፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የመዳኗ ምልክት ራሷ ጠልቃ ከገንዳው ሥር መብላቷ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ የቱንም ያህል ብታሳዝን፣ አትለቀቅም። ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ፌስታል ስትከለክል ብዙዎቻችን ነገሩን ከገበያ ጋር ብቻ አያይዘነው ነበር።

አሁን ወደ እኛው ኮቤ እንመለስ። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ደረቅ አገር የምትኖረው፣ ጀርባዋ እንደ ነብር ነጠብጣብ ያለበት ኤሊ ናት። በኬንያ ሌላም ዘመድ አላት፤ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የምትደበቅ፣ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ የሆነች ኤሊ። ይህችኛዋ በአንድ ጊዜ የምትጥለው ብዙውን ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ሰዎች ለቤት እንስሳነት እየለቀሙ ስለሸጧት ከምድር ልትጠፋ ተቃርባለች። በ2019 እ.ኤ.አ. ከዱር ተይዛ ለንግድ ከአገር ወደ አገር እንዳትሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነት ታገደ። እኛ የምንኖረው ድንበር ላይ ስለሆነ ይህ ሕግ ከማንም በላይ ይመለከተናል።

ኤሊ ለልጅ መጫወቻ ብሎ ግቢ ውስጥ ማኖር በየሰፈሩ ያለ ነገር ነው። በኋላ ሲሰለች «ጫካ ወስደን እንጣላት» ይባላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሰው ቤት የከረመች ኤሊ የአፍንጫና የሳንባ በሽታ ይዛ ወጥታ የዱሮቹን ልትበክል ትችላለች። የማታውቀው ቦታ ከተጣለችም ውሃውና ጥላው የት እንዳለ ስለማታውቅ ትንከራተታለች። ስለዚህ ቤቱ ኤሊ ያለው ሰው ራሱ ከመልቀቅ ይልቅ ለኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ያስታውቅ፤ በወዲያኛው ሞያሌ ያላችሁ ዘመዶቻችን ደግሞ ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን።

አስፋልት ላይ ስታገኟትስ? መጀመሪያ መኪና አለመምጣቱን እዩ፤ ትንንሾች ከሆናችሁ ትልቅ ሰው ጥሩ። ከዚያ በሁለት እጅ ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ፣ ከመሬት ብዙ ሳታነሡ፣ ፊቷን ወዳዞረችበት በኩል አሻግሯት። ወደ መጣችበት ብትመልሷት ዞራ ተመልሳ መንገዱ ላይ ትወጣለች። አትገልብጧት፣ አታስደንግጧት፤ ስትደነግጥ ለበጋ ያጠራቀመችውን ውሃ በሽንት ታፈሳለች። የጠማት መስሏችሁም ኩሬ ውስጥ አታስገቧት፤ ኮቤ እንደ ካሳ ዋናተኛ ስላይደለች ልትሰምጥ ትችላለች። ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጣችሁ ሂዱ። ጭንቅላቷን የምታወጣው እናንተ ስትርቁ ነው።