«ተቀበዪ» አትበላት

ማሙሽ፣ እስቲ ጆሮ ማዳመጫውን ንቀልና በስፒከር አሰማኝ። ስክሪኑን አትሸፍነው፣ ከኋላህ ቆሜ ሁሉንም እያየሁት ነው። ይህቺ «ድምፅ 3» ብለህ የጻፍክላት ማን ናት? አዝማሪ ቤት ሰው በስልኩ ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ የጫናት? እሺ። ቢቱ ያምራል፣ አልዋሽህም። ተቃውሞም ይሁንልህ፣ ዘመኑ ያስቆጣል። በእሷ ነገር ግን አላልፍህም።

ከአገር አገር ዜማ ለቅሞ፣ በኮምፒውተር አዋህዶ፣ እንግዳ ድምፃዊ ጋብዞ ፖለቲካ መናገር አንተ የጀመርከው እንዳይመስልህ። እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ሮብ ጋርዛና ኤሪክ ሂልተን በ1995 ቲቨሪ ኮርፖሬሽንን ሲመሠርቱ የያዙት መንገድ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ)። የጃማይካ ዳብ፣ የብራዚል ቦሳ ኖቫ፣ የህንድ ሲታር፣ ሁሉም አለበት። መነሻቸው ያኔ ዱፖንት ሰርክል አጠገብ የነበረው ኤይቲንዝ ስትሪት ላውንጅ ነው። ያንኑ መንገድ ይዘህ ሽቅብ ብትወጣ አዳምስ ሞርጋን ትደርሳለህ፤ የእኛ ሰዎች ቀድመው ምግብ ቤት ከከፈቱባቸው ሰፈሮች አንዱ። ቁልቁል ብትወርድ ደግሞ ሩብ ሰዓት ገደማ ተራምደህ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በር ላይ ነህ። በሚያዝያ 2000 ድርጅቱንና የዓለም ባንክን የሚቃወም ሰልፈኛ ያጥለቀለቀው ያንን አካባቢ ነው።

በ2008 «ሬዲዮ ሪታሊየሽን» የሚል አልበም አወጡ። እዚያ ላይ «ቫምፓየርስ» የሚለውን የዘፈነው ናይጄሪያዊው ፌሚ ኩቲ ነው፤ ዘፈኑም የሚወርደው በጎረቤታቸው በዚያው አበዳሪ ድርጅትና በመሰሎቹ ላይ ነው። ታዲያ ለምን ፌሚ? ናይጄሪያ በ1986 አበዳሪዎቹ የሚገፉትን የመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም ስትቀበል ፌሚ ሌጎስ ያደገ ሙሉ ሰው ነው፤ ኑሮ ሲወደድ በጋዜጣ አላነበበውም። አባቱ ሙዚቀኛው ፌላ ነው። በ1977 ወታደሮች የፌላን ግቢ ሲያቃጥሉ የፌሚን አያት ከመስኮት ወረወሯቸው፤ በዓመቱ አረፉ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ደም መጣጮች ሲዘፍን ማንም ግጥም ቢያቀብለው ባያቀብለው የሚያወራርደው የራሱ ሂሳብ አለው። ጋባዦቹ ቢቱን ዘርግተው ማይኩን ለእሱ ሰጡት።

ሁሉን አደረጉት ብዬ ግን አላሞግሳቸውም። የዚያው አልበም ሽፋን ላይ ጭንብል ያጠለቀውን የሜክሲኮ አማፂ መሪ፣ ማርኮስን፣ ለጥፈዋል። ያምራል፤ ፖስተር ማማር አያቅተውም። እኔን ይበልጥ ደስ የሚለኝ ቸክ ብራውንን መጋበዛቸው ነው፤ የጎጎ ሙዚቃ አባት የሚባለውን፣ የዚህችኑ ከተማ ሰው። ሩቅ አገር ያለውን አማፂ ማድነቅ ቀላል ነው፣ ሰፈርህ ያለውን ሽማግሌ ማዳመጥ ግን ሥራ ይጠይቃል።

ሌላም ችግር አለባቸው፣ አንተም ላይ እያየሁት ነው። ድምፁ እጅግ ይለሰልሳል። ስለ ዕዳና ስለ ጦርነት እያወራ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ማርቲኒ ያስጠጣል። ደግሞ በጣም የታወቁበትን «ሌባኒዝ ብሎንድ»ን አስታውስ፣ በ2004 «ጋርደን ስቴት» ፊልም ላይ የሰማነውን። የምትዘፍነው ማን ናት? አየህ፣ አታውቃትም። ፓም ብሪከር ትባል ነበር፣ የዋሽንግተን የጃዝ ድምፃዊት፤ በ2005 ሞተች። ስንቱ ሰው ያችን ድምፅ እያንጎራጎረ ስሟን አልጠየቀም።

ቁጣን እንዴት ማሾል እንደሚቻል ማወቅ ከፈለግህ የለንደኖቹን ኤዥያን ዳብ ፋውንዴሽንን ስማ። በ1998 አልበማቸው ላይ አንድን እስረኛ በስሙ ጠርተው ይፈታ አሉ። «ሥርዓቱ ይውደም» አይደለም ያሉት፤ አንድ ሰው፣ አንድ መዝገብ። ዘመቻውን ሌሎችም ለዓመታት ገፉት፣ ሰውየውም በ2002 ወጣ። ዘፈን አስፈታው አልልህም። ሰሚው ግን ምን እንደሚጠየቅ፣ ማንን እንደሚጠይቅ አወቀ። ያንተ ዘፈን ምን ይጠይቃል? ሳይረን፣ የሰልፍ ጩኸት፣ ከዚያ እሷ። ማንን ነው የምትከሰው?

አሁን ወደ እሷ። አንተ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ በሰማያዊ ፓስፖርትህ ተቀምጠሃል፤ ቢበዛ የሚደርስብህ ክፉ ኮሜንት ነው። እሷ ነገ ማታ እዚያው ቤት ትዘፍናለች። ደንበኛ ስታወድስ ያወጣችውን ድምፅ ቆርጠህ ከሳይረን ጋር ስታጋጥመው ያላለችውን አስባልካት። ሰሚው አንተን አያውቅህም፤ የሚያውቀው የእሷን ጉሮሮ ነው። የቤቱ ባለቤት ቢሰጋ የሚያባርረው እሷን ነው። የሰከረ ደንበኛ «በእኛ ላይ ዘፈንሽ» ብሎ ጠርሙስ ቢያነሳ የሚያነሳው በእሷ ላይ ነው። አንተ ያን ጊዜ ተኝተሃል።

አዝማሪ ቤት ገብተህ ታውቃለህ። ደንበኛው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲያቀብል የማን ነገር እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያያል። ሰውየው እዚያው ተቀምጧል፤ ነገር ቢከር እሱም አለበት። ብሩንም ግንባር ላይ ለጥፎ ነው የሚሄደው። አንተ ግን ፊትህ ሳይታይ፣ ግንባሯ ላይ ሰባራ ሳንቲም ሳታሳርፍ «ተቀበዪ» አልካት። ባለቤቱ የማይታወቅ ግጥም እሷ ተሸክማ እንድትዞር።

ስለዚህ ፈልጋት። አዲስ አበባ ዘመድ ሞልቶሃል፣ አዝማሪ ቤት ደግሞ ሰው አይጠፋበትም። ቢቱን ያለ ድምፅ ላክላትና ስለ ምን እንደሆነ ንገራት፣ የራሷን ትበልበት። ሰምና ወርቁን ካንተ ይልቅ ታውቅበታለች፤ የምትደፍረውንም የምትሸሸውንም ለክታ ነው የምታወጣው፣ ምክንያቱም መዘዙን የምትኖረው እሷ ናት። እምቢ ካለች አለቀ፣ ፋይሉን ደምስሰው። እሺ ካለች ስሟ ካንተ ስም እኩል ይጻፍ፣ እሷ ካልፈለገችው በቀር። ተደብቄ ልዝፈን ካለች መብቷ ነው።

ድምፅዋ ሲመጣልህ ደግሞ ኦቶቲዩን አታስነካው። አሁን እንኳ የአንቺሆዬ ቅኝቷን ጎትተህ ፒያኖ ቁልፍ ላይ አስቀምጠኸዋል፣ እኔ ሙዚቀኛ ያልሆንኩት ሰማሁት። ቢቱ እሷን ይከተል እንጂ እሷን ፍርግርግ ውስጥ አታስገባት። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞቹን፣ ሚካኤል ሰይፉንና እንደገና ሙሉን፣ ደጋግመህ ስማ፤ የአገራችን ድምፅ እነሱ ዘንድ ከላይ የሚነሰነስ ጌጥ አይደለም፣ ኤሌክትሮኒኩ ነው የሚታዘዘው።

ወረቀቱንም አትተው። የተቀዳው ድምፅ አንድ መብት ነው፣ ዜማውና ግጥሙ ሌላ። ሁለቱንም ለየብቻ ጻፍ፣ ድርሻውን በመቶኛ፣ በአማርኛ፣ እሷ አንብባ ወይ ተነቦላት እንድትፈርም። አገር ቤትም ሕግ አለ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው) ከዋኝን ይጠብቃል። አዋጁን ፈርተህ ብቻ ከሆነ ግን ደስ አይለኝም። ቅድመ ክፍያውንም አሁን ላክላት፣ «ሲሸጥ» አትበላት፤ የዚህ ዓይነት ዘፈን ሲሸጥ አላየሁም። ገንዘብ ካነሰህ ከእኔ ውሰድ፣ ትመልሳለህ።

አሁን አዲስ አበባ ነግቷል። ለአክስትህ ልጅ ደውልለት፣ እሱ አዝማሪ ቤቶቹን ያውቃል። ባሱን ግን ቀንስልኝ፣ የታችኛዋ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ልትመታ ነው።