ቴኒስ ጎበዝ የሚመታው በእግሩ ነው

ቴኒስ ጀምራችሁ "ዶክተር፣ ክርኔን አመመኝ" የምትሉኝ፣ ኳሷን በክንድ ጉልበት ብቻ እየመታችሁ እንዳይሆን። የጎበዝ ተጫዋች ሰርቭ ከእግር ይነሳል፤ በዳሌ፣ በወገብና በትከሻ አልፎ ነው እጅ ላይ የሚደርሰው። ሰውነት ይህን እስኪለምደው ዓመታት ይፈጃል። ደግሞ ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ቀስ ብሎ ነው። በሳምንት 1 ቀን ይጫወት የነበረ ሰው በአንዴ 5 ቀን ሲያደርገው ክርኑ ያምፃል (ትጋት ሲባል መቼም ራስን መጨረስ ይመስለናል!)።

"ናዳልስ?" ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ በ2022 14ኛውን የፈረንሳይ ኦፕን ያሸነፈው የታመመ እግሩን በመርፌ አደንዝዞ ነው፤ ግን ሐኪሙ አብሮት ነበር።

እናንተ የክርናችሁ ውጪኛው ጎን ስኒ ስታነሱ እንኳ የሚያማችሁ ከሆነ፣ ራኬቱን ለጥቂት ሳምንታት አስቀምጡት። ካልተሻላችሁ ወይም እጃችሁን ከደነዘዛችሁ ሐኪም ይያችሁ።