«ቢሆን» እና «ቢሆን ኖሮ»፦ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚጠቅም የእንግሊዝኛ ትምህርት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አብዛኞቻችሁ እዚሁ ለንደን ተወልዳችሁ ወይም በሕፃንነታችሁ መጥታችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። እንግሊዝኛ መናገር የሚያስተምራችሁ ሰው አያስፈልጋችሁም። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስናለማምድ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ቋንቋው ጨርሶ የማይቸግራቸው ልጆች «ኢፍ» ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ይደናገራሉ። ያላደረጉትን እንዳደረጉ ያወራሉ፤ በእርግጥ የሠሩትን ደግሞ እንደ ሐሳብ ብቻ አድርገው ያቀርቡታል። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአማናም ጉዳይ ነው። ዛሬ ሦስቱን የ«ኢፍ» ዓይነቶች ከቃለ መጠይቅ ጥያቄዎች ጋር እያያያዝን እንመለከታለን።

1. ሊሆን የሚችል ነገር

«መቼ መጀመር ይችላሉ?» ለሚለው ጥያቄ በአማርኛ «ሥራውን ካገኘሁ በሚቀጥለው ወር እጀምራለሁ» እንላለን። በእንግሊዝኛ «ኢፍ አይ ጌት ዘ ጆብ፣ አይ ዊል ስታርት ኔክስት መንዝ» ይሆናል። ከ«ኢፍ» ጋር ያለው ግስ በአሁን ጊዜ ይቀመጣል፤ «ዊል» የሚገባው በሁለተኛው ክፍል ብቻ ነው። ወላጆቻችን አንዳንዴ «ኢፍ አይ ዊል ጌት» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። በአማርኛ «ባገኝ» እና «አገኛለሁ» ከአንድ የግስ መልክ ስለሚነሱ ነው እንዲህ የሚሆነው። አትሳቁባቸው፤ ምክንያቱን አስረዷቸው።

ይህ «ኢፍ» ቃል መግቢያ ነው። አላህ በሱረቱል ከህፍ (18፡23-24) ነገ ይህን አደርጋለሁ ስንል ኢንሻአላህ እንድንል አዞናል። ስለዚህ ቃሉን አትተዉት። ነገር ግን ጠያቂው «ኢንሻአላህ» ማለትን እንደ ማመንታት ሊቆጥረው ስለሚችል ቁርጥ ያለ ቀንና ሰዓት አብራችሁ ተናገሩ።

የጁምዓ ሰላትም የሚነሳው በዚህ ነው፦ «ዓርብ የምሳ ሰዓቴ ትንሽ ከረዘመልኝ፣ ጠዋት ቀድሜ በመግባት አካክሳለሁ።» የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ሥራ አመልካቾችንም ጭምር በሃይማኖት ምክንያት ከሚደርስ አድልዎ ይጠብቃል። ሕጉ ለሰላት የዕረፍት ሰዓት በቀጥታ ባይሰጥም፣ አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ጥያቄያችሁን ቢገፋው አድልዎ ሊሆንበት ይችላል። ብዙ ጊዜ ጉዳዩን ሥራው ከተሰጣችሁ በኋላ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ማንሳቱ ይሻላል።

2. ገና ያልደረሰ፣ በሐሳብ ያለ ነገር

«ደንበኛ ቢጮህብዎ ምን ያደርጋሉ?» ይህ ጥያቄ በሱቅም፣ በእንክብካቤ ቤትም፣ በሆስፒታልም ይጠየቃል። መልሱ «ኢፍ አ ከስተመር ሻውትድ አት ሚ፣ አይ ውድ ሊስን ፈርስት» ነው። «ሻውትድ» ያለፈ ጊዜ ቢመስልም ያለፈ ነገር አይናገርም፤ ነገሩ በሐሳብ ያለ መሆኑን ብቻ ያሳያል። «ውድ» ደግሞ በሁለተኛው ክፍል ይገባል።

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው ግን ሌላ ጥያቄ ሲመጣ ነው፦ «የተቆጣ ደንበኛ ያጋጠመዎትን ጊዜ ይንገሩን።» እዚህ ላይ የተፈለገው በእርግጥ የሆነ ታሪክ ነው። «አይ ውድ» ብላችሁ ከጀመራችሁ፣ ያማረ ሐሳብ ብታቀርቡም ጠያቂው በማስረጃነት የሚመዘግበው ነገር አያገኝም። የሆነውን በአራት ደረጃ ተናገሩ፦ ሁኔታው ምን ነበር? የእናንተ ኃላፊነት ምን ነበር? ምን አደረጋችሁ? ውጤቱስ?

ያጋጠማችሁ ነገር ከሌለስ? ታሪክ አትፍጠሩ። «በሥራ ላይ አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝ ግን እንዲህ አደርጋለሁ» በሉ፤ ይህ «ኢፍ» ሳትዋሹ ሙሉ መልስ እንድትሰጡ መንገድ ይከፍትላችኋል። ከዚያ በፊት ግን የኖራችሁትን በደንብ ፈትሹ። በረመዳን መስጂድ ውስጥ ኢፍጣር ያስተናገደ ልጅ የተራበና የቸኮለ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል። ለእናቷ ሐኪም ዘንድ ያስተረጎመች ልጅ ምስጢር መጠበቅ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ልጆችን ቁርኣን ያስቀራ ትዕግሥትን ተምሯል። እነዚህ ሁሉ ያለ «ውድ» የሚነገሩ እውነተኛ ልምዶች ናቸው።

እንዲህ ያለ ዝግጅት በታሪካችን አዲስ አይደለም። ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ የቁረይሽ መልእክተኞች ተከትለዋቸው መጥተው ነጃሺ ዘንድ ከሰሷቸው። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ነጃሺ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያስጠራቸው ሰሓቦቹ ተሰብስበው ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ቢጠይቃችሁ ምን ትላላችሁ ተባባሉ። የመጣው ቢመጣ አላህ ያለውን፣ ነቢያቸውም ያመጡትን እንደሚናገሩ ተስማሙ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብም (ረ.ዐ.) ንጉሡ ፊት ያንኑ ተናገሩ፤ ነጃሺም በአገሩ በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደላቸው። ጥያቄውን ቀድመው አስበውታል፤ መልሱን ግን ለንጉሡ ደስታ ብለው አልለወጡትም።

3. ያለፈና የማይመለስ ነገር

«ያልተሳካ ሥራ ይንገሩን፤ እንደገና ቢሠሩት ምን ይለውጣሉ?» አማርኛችን ለዚህ «ኖሮ» እና «ነበር» አለው፦ «ሥራ አስኪያጄን ቀደም ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በሰዓቱ እንጨርስ ነበር።» በእንግሊዝኛ «ኢፍ አይ ሃድ አስክድ ማይ ማናጀር ኧርሊየር፣ ዊ ውድ ሃቭ ፊኒሽድ ኦን ታይም» ይባላል። እዚህ የተወለዱ ልጆችም ሁለት ቦታ ይሰናከላሉ። አንደኛው «ኢፍ አይ ውድ ሃቭ» ማለት ነው፤ ከ«ኢፍ» ጋር የሚሄደው «ሃድ» ነው። ሁለተኛው በማመልከቻ ላይ «ውድ ኦፍ» ብሎ መጻፍ ነው። ጆሮ «ኦፍ» ቢሰማም ቃሉ «ሃቭ» ነው።

በሶሒሕ ሙስሊም በተዘገበ ሐዲሥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ነገር ሲደርስብን «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያልን እንዳንቆጭ፣ ይህ «ለው» የሚባል ቃል ለሸይጧን ሥራ በር እንደሚከፍት አስተምረውናል። በስንብቱ ሐጅ ደግሞ እርሳቸው ራሳቸው፣ በኋላ ያወቁትን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ የሐድይ እንስሳ ይዘው እንደማይመጡ ተናግረዋል። ዑለሞች ልዩነቱን አብራርተዋል፤ የተከለከለው በቀደር ላይ መማረርና መቆጨት ሲሆን፣ ለማስተማርና ለመማር ሲባል ግን ችግር የለውም።

ቃለ መጠይቁም ይህንኑ ይፈልጋል። «ኖሮ» ብላችሁ አትቁሙ፤ «አሁን ግን በመጀመሪያው ቀን እጠይቃለሁ» ብላችሁ ቋጩት። ሥራውን ባታገኙም እንዲሁ አድርጉ፦ ቁጭቱን ተዉት፣ ትምህርቱን ያዙት።

ልምምድ

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጠያየቁ። ከመመለሳችሁ በፊት ጥያቄው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ፤ አንደኛው ግን «ኢፍ» አያስፈልገውም።

ሀ. ቅዳሜና እሑድ ሥራ ብንሰጥዎ ይመጣሉ?
ለ. የሥራ ባልደረባዎ ገንዘብ ሲወስድ ቢያዩ ምን ያደርጋሉ?
ሐ. በቡድን የሠሩትን ሥራ ይንገሩን።
መ. ባለፈው ሥራዎ ምን ለየት አድርገው ቢሠሩ ኖሮ የተሻለ ይሆን ነበር?

መልሳችሁን በስልካችሁ ቀድታችሁ አዳምጡት። ከዚያም እቤት ሥራ የሚፈልግ አባት፣ እናት ወይም በቅርብ የመጣ ዘመድ ካለ አብራችሁት ተለማመዱ። እናንተ እንግሊዝኛውን ትሰጣላችሁ፤ እነርሱ ደግሞ የ«ኖሮ»ን አማርኛ ያስተካክሉላችኋል።

አላህ ሐላል የሆነ ሪዝቅ ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።