ገደል ላይ የሚኖረው ዋላቢ

ዛሬ በሳይንስ ዓምዳችን ወደ አውስትራሊያ እንወስዳችኋለን።

ካንጋሮን በመጽሐፍ ላይ ያላየ የለም። የዓለት ዋላቢ የካንጋሮ ትንሽ ዘመድ ነው፤ የሚኖረው ግን ሜዳ ላይ ሳይሆን ገደል ላይ ነው። ሽኮኮ ከድንጋይ ድንጋይ ሲሯሯጥ አይታችሁ ከሆነ አኗኗሩ እሱን ይመስላል፣ ዘመዳሞች ግን አይደሉም። እኛ የመረጥነው በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ተራሮች የሚኖረውን ጭራው ፀጉራም የሆነውን ዝርያ ነው። መዳፉ ሸካራ ስለሆነ ዓለት አያዳልጠውም። ረጅሙ ጭራው ደግሞ ሲዘል ሚዛኑን ይጠብቅለታል። ቀን በዋሻና በድንጋይ ስንጥቅ ያርፍና ሲመሽ ወጥቶ ሣርና ቅጠል ይበላል። ብርድ ሲሆን ግን ጠዋት ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ልክ እንደኛ በሰልፍ ሰዓት!

ግልገሉ ሲወለድ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፤ አያይም፣ ፀጉርም የለውም። ራሱ ተስቦ እናቱ ሆድ ላይ ወዳለው ከረጢት ይገባና ጡት እየጠባ ስድስት ወር ያህል እዚያው ያድጋል።

ታዲያ ገደል ላይ ያለን እንስሳ ማን ያገኘዋል? ሰው አገኘው። ከመቶ ዓመት በፊት ለቆዳው ሲባል፣ ደግሞም «ሰብል ያጠፋል» ተብሎ በመቶ ሺዎች ተገደለ። ለገደለው ሰው መንግሥት ገንዘብ ይከፍል ነበር! ቀጥሎ ሰዎች ለአደን ጨዋታ ብለው ከአውሮፓ ያመጡት ቀበሮ ግልገሎቹን ፈጀ (የባሌው ቀይ ቀበሮ እንዳይመስላችሁ፣ ሌላ ነው)። ሰው ያመጣው ፍየልም ሣሩን ይሻማዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ከባድ የደን ቃጠሎ ተነሣ። ብዙዎቹን ዓለቱ ከእሳት አዳናቸው፤ ግን የሚበሉት ሁሉ ተቃጠለ። በ2020 መጀመሪያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የፓርክ ሠራተኞች ከ2,000 ኪሎ በላይ ካሮትና ስኳር ድንች ከሄሊኮፕተር ጣሉላቸው። ካሮቱ የዚያን ጊዜ ረሃብ ነው ያስታገሠው፤ ቀበሮው ግን ዛሬም አለ። ስለዚህ ቀበሮ የመከላከሉ ሥራ አልቆመም።

እኛን በጣም የገረመን ይሄ ነው፦ ባለሙያዎች ትንሹን ግልገል ከእናቱ ከረጢት አውጥተው በሌላ ዝርያ ዋላቢ ከረጢት ውስጥ ያስገቡታል። እንጀራ እናቱ ታሳድገዋለች። ወላጅ እናቱ ደግሞ በአንድ ወር ገደማ ሌላ ትወልዳለች፤ ምክንያቱም በማህፀኗ ማደጉን አቁሞ ተራውን የሚጠብቅ ሌላ ፅንስ አለ።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ገደል ላይ የሚኖር፣ ትልልቅ ቀንድ ያለውና በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ የዱር እንስሳ ማን ይባላል? መልሱን ጽፋችሁ ለክበባችን አባላት ስጡ።